አሥራ አንድ ባቄላ፣ አሥር ሽምብራ

ሶዲየም ለጋስ አይደለም። ክሎሪንም ቀማኛ አይደለም። ሁለቱም ስለራሳቸው የሚባለውን አያውቁም፤ ቢያውቁ ኖሮ ስማቸውን ባጠፋው ሰው ላይ ክስ በመሠረቱ ነበር። ይህን ስናገር በሰሙኝ ቁጥር ልጆቼ ‹‹እማዬ፣ ደግሞ ስለ ጨው ልትቆጪ ነው?›› እያሉ ይስቁብኛል። የምቆጣው በጨው አይደለም። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ በተጠየቅሁት አንድ የኬሚስትሪ ጥያቄና በጠየቀኝ መምህር ነው። ይኸው ፀጉሬ ሸብቶ እንኳ አልበረደልኝም።

አባቴ ኮምቦልቻ ውስጥ ጨው ይነግድ ነበር። ጨዉ ከአፋር ተጭኖ በባቲ በኩል ይመጣና እኛ መጋዘን ይራገፋል፤ ከዚያ ደሴም ደጋንም ገጠሩም ይወስደዋል። ያደግሁት ጆንያ ላይ ነው። የቤት ሥራዬን የምሠራው ጆንያ ላይ፣ ቁርሴን የምበላው ጆንያ ላይ፣ ሳኮርፍም ሄጄ የምተኛው ጆንያ ላይ ነበር። አባቴ ፊደል አልቆጠረም፤ የጨው ነገር ግን ለሱ የተተወ ነበር። አንዲት ቅንጣት ምላሱ ላይ ጣል አድርጎ ከየትኛው ስፍራ እንደተቆረጠች ይናገራል እየተባለ ይወራለታል። ይህቺኛዋ ወሬ እንኳ ትንሽ ሳትጋነን አትቀርም።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አንዲት ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት በጭነት መኪና መጥታ አሥር ኩንታል ጨው አዘዘች። በከተማው ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ነበረች። አባቴ ከላይ እስከ ታች አያትና፣

‹‹ምን ልትደግሱ ነው?›› አላት።

‹‹ለወጥ አይደለም አባባ፣ ለውሃ ነው።››

‹‹ውሃውን ጨው አድርጋችሁ ለማን ልታጠጡት?››

ሴትዮዋ ሳቀችና አስረዳችን። የኮምቦልቻ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፤ ያው ቅርፊት የፋብሪካውን የእንፋሎት ማሞቂያ ይደፍነዋል። ስለዚህ ውሃው ወደ ማሞቂያው ሳይገባ ጥቃቅን ፍሬዎች በሞሉበት በርሜል ውስጥ ያልፋል። ፍሬዎቹ ቅርፊት የሚሆነውን ካልሲየም ይይዙና በምትኩ ሶዲየም ይለቃሉ። ካልሲየም ሲጠግቡ ደግሞ በጨው ውሃ ይታጠቡና እንደገና ሥራ ይጀምራሉ። አባቴ ከዚህ ሁሉ የገባው ፋብሪካው ጨው መግዛቱን እንደማያቆም ነበር፤ ‹‹አልሐምዱሊላህ›› አለ።

‹‹ሶዲየም ምንድን ነው?›› አልኳት እኔ።

‹‹አባትሽ ከሚሸጠው ግማሹ›› አለችኝ።

ጆንያው ውስጥ እጄን ከትቼ አንድ እፍኝ አወጣሁ። ግማሹ የቱ ነው? ግማሹስ ከግማሹ ጋር ማን አጣበቀው? ስጠይቃት ‹‹ይሄን አሥረኛ ክፍል ትማሪዋለሽ። ሳይንስ ክፍል ገብተሽ ከጨረስሽ ነይ፣ በርሜሉንም አሳይሻለሁ፤ ላብራቶሪያችን ሰው ይፈልጋል›› አለችኝ። ለሷ የጨዋታ ቃል ሊሆን ይችላል። ለኔ ግን ቃል ኪዳን ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ የምመኘው ያን ነጭ ጋውን ብቻ ሆነ፤ ጓደኞቼ የሙሽራ ቀሚስ ሲያልሙ እኔ ባለ ኪስ ጋውን አልም ነበር።

ሁለተኛ ደረጃን የተማርኩት ደሴ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አክስቴ ቤት እቀመጣለሁ፤ ቅዳሜ በአውቶቡስ የሐረጎን ቁልቁለት ተጠማዝዤ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። የደሴ ብርድ አጥንት ይገባል፤ ኮምቦልቻ ስደርስ ሹራቤን አውልቄ የምሸከምበት ቦታ አጣለሁ። በአንድ ዴስክ ላይ ለሦስት ነበር የምንቀመጠው፤ መሀል የተቀመጠ ሰው ለመጻፍ የግራና የቀኙን ፈቃድ ይፈልጋል። የትምህርት ቤታችን ሕግ ግልጽ ነበር። አሥረኛ ክፍል መጨረሻ ላይ በሂሳብና በኬሚስትሪ ጥሩ ያመጣ ሳይንስ ክፍል ይገባል። ያላመጣ ወንድ ወደ ንግድ ሥራ፣ ያላመጣች ሴት ወደ ቤት አያያዝ ትሄዳለች፤ ሆም ኢኮ እንላት ነበር። ጋውኑ ያለው በሳይንሱ በር በኩል ብቻ ነው።

ላብራቶሪ ነበረን። ነበረን ማለቴ፣ በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ የተንጠለጠለበት ክፍል ነበረን። ዕቃው ከወዳጅ አገሮች የመጣ ስለሆነ ‹‹ይሰበራል›› ተብሎ ተቆልፎበታል። የተከፈተው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እንግዶች ሊጎበኙ የመጡ ዕለት። ቁመታችን የተመጣጠነ ሴቶች ተመርጠን፣ ቀይ ቀለም ጠብ የተደረገበት ውሃ በብርጭቆ ቱቦ ይዘን ቱቦውን በጥሞና እንድናይ ታዘዝን። እንግዳው ‹‹ምን እያጠናችሁ ነው?›› ብሎ ጠየቀኝ። ‹‹ውሃ›› አልኩት። ከኋላዬ የቆመው ሰው ክንዴን የቆነጠጠበት ምልክት እስኪለቅ ሳምንት ፈጀ።

የኬሚስትሪ መምህራችን ቀጭን፣ ቡናማ ኮቱ በጠመኔ ብናኝ የተለወሰ ጎልማሳ ነበር። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ግን ወረቀቱ የኔ ስለሆነ እሱ እላለሁ። ጎበዝ አስተማሪ ነበር። ይህን ባልናገር ሀቅ መካድ ይሆንብኛል፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ደደብ ቢሆን ኖሮ ድሮ ይቅር ባልኩት ነበር።

የአቶምን ነገር ሊያስተምር የገባ ቀን ሁለት ኪሶቹ አብጠው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ከአንዱ ኪሱ ባቄላ፣ ከሌላው ሽምብራ ዘረገፈ። ተማሪው ሳቀ፤ እሱም ሳቀና ‹‹ላብራቶሪያችን ይኸው፤ ብንሰብረውም እንበላዋለን›› አለ። ሁላችንም ጠረጴዛውን ከበብነው፤ የኋለኞቹ ዴስክ ላይ ቆሙ።

‹‹ይህ ሶዲየም ነው። መሀሉ ላይ አሥራ አንድ ባቄላ አለ፤ ፕሮቶን እንላቸዋለን፤ እያንዳንዱ ፕላስ ነው። እነዚህ ከመሀሉ አይነሡም፣ ማንም አይነካቸውም። ዙሪያውን ደግሞ አሥራ አንድ ሽምብራ አለ፤ ኤሌክትሮን ነው፤ እያንዳንዱ ማይነስ ነው። አንዱ ባቄላ የአንዱን ሽምብራ ቻርጅ ያጣፋል። ስንት ተረፈ?››

‹‹ምንም›› አልን።

‹‹ስለዚህ አቶሙ ቻርጅ የለውም። አሁን እዩ።›› ከዳር ብቻዋን ያለችውን ሽምብራ በጣቱ ገፋት። ‹‹ይህቺ ከመሀሉ ርቃ ነው ያለችው፤ በቀላሉ ትወጣለች። ወጣች። ባቄላ ስንት ነው?››

‹‹አሥራ አንድ።››

‹‹ሽምብራስ?››

‹‹አሥር።››

‹‹አንድ ባቄላ ያለ አጣፊ ቀረች። ፕላስ አንድ ማለት እሷ ናት። ሶዲየሙ የጨመረው ነገር የለም፤ ማይነስ ስለወጣለት ነው ፕላሱ የታየው።››

ከዚያ በጠረጴዛው ሌላ ጫፍ ላይ አሥራ ሰባት ባቄላና አሥራ ሰባት ሽምብራ ያለው ክሎሪን ሠራ። የወጣችውን ሽምብራ ወስዶ ጨመረለት፤ አሥራ ስምንት ሆነ፤ አንድ ሽምብራ ተረፈች፤ ማይነስ አንድ። ፕላሱና ማይነሱ ይሳሳባሉ፤ ጨው ይሆናሉ። ደግሞም ጨው ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው አይቀመጡም አለን፤ አንዱ ሶዲየም በስድስት ክሎሪን ይከበባል፣ አንዱ ክሎሪንም በስድስት ሶዲየም፤ ከላይ ከታች፣ ከፊት ከኋላ፣ ከግራ ከቀኝ። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ያብሰለሰልኩት ጥያቄ በአንድ እፍኝ ጥራጥሬ ተመለሰ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ያን ቀን ያንን ሰው ከአባቴ ቀጥሎ ወደድኩት።

ቅዳሜ መጋዘን ገብቼ ለአባቴ በጆንያ ላይ ደረደርኩለት። አባቴ የሚሰማው እንደ ገበያ ነገር ነው፤ እያንዳንዱን ቆጥሮ ካላረጋገጠ አያልፍም። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። በመጨረሻ ራሱ ገፋትና፣

‹‹እንግዲህ አንዱ ባቄላ ተረፈው፣ አንዱ ሽምብራ ተረፈው። ተፈላለጉ። ማንም አላስታረቃቸው፣ ማንም አላዘዛቸው›› አለ።

‹‹አዎ አባዬ።››

ከጆንያው አንድ ጓል አንሥቶ በመዶሻ ጫፍ ነካ አደረገው። ጨዉ ቀጥ ባለ ፊት፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ተሰበረ። ‹‹ሱብሓነላህ። እድሜዬን ሙሉ ሸጬው፣ ለምን እንዲህ ሆኖ እንደሚሰበር የነገረኝ የለም። ከላይ ከታች፣ ከግራ ከቀኝ ተሰልፈው ኖሯል›› አለ። እኔ እንኳ ይህን አላገናኘሁትም ነበር። አባቴ ከዚያ ወዲያ ጨው ሊገዛ የመጣውን ሁሉ ሳያስተምር አይለቅም ነበር፤ ደንበኞቹ ችኩሎች በመሆናቸው እንጂ ግማሽ ኮምቦልቻ አዮን ባወቀ ነበር።

በቀጣዩ ሳምንት ካድሬው ክፍላችን ገባ። የትምህርት ቤቱ የፖለቲካ ኃላፊ ነበር፤ በየክፍሉ እየዞረ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ መምህራን ምን እንደሚሉ ይሰማል። መምህራችን ባቄላውን ዘርግቶ ክሎሪንን እየከለሰ ነበር። ‹‹ክሎሪን አንድ ኤሌክትሮን ሲወስድ የውጭ ምህዋሩ ይሞላና ይረጋጋል›› ሲል ከኋላ ድምፅ መጣ።

‹‹አንድ ጊዜ ጓድ መምህር። የሌላውን የወሰደው ነው ተረጋግቶ የሚኖረው?››

ጥቂት ተማሪዎች ሊስቁ ብለው አፋቸውን ያዙ። መምህሩ ‹‹ጓድ፣ ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው…›› አለ።

‹‹የተፈጥሮ ሕግና የኅብረተሰብ ሕግ ይለያያሉ እያሉ ነው?››

ያን ጊዜ ይህ ጥያቄ እንደ ዛሬ አያስቅም። ሰው በዚህ ዓይነት ጥያቄ ከቤቱ ወጥቶ የቀረበት ዘመን ገና ከአጠገባችን ነበር፤ መምህሩም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ፊቱ እንደ ጠመኔው ነጣ። ካድሬው ደግሞ ሊረዳው ያሰበ ሰው መስሎ ተነሣና፣ ‹‹ለተማሪው ቀለል ያለ አገላለጽ አለ። ሰጪው ፕላስ የሆነው ያለውን ለሌላው ስላካፈለ ነው። ወሳጁ ማይነስ የሆነው የሌላውን ስለቀማ ነው። እንዲህ ቢገለጽ አይረሳም›› አለ።

‹‹ትክክል ነው ጓድ›› አለ መምህራችን። ሰሌዳውን አጠፋ። ባቄላና ሽምብራውን ሳይለይ ጠራርጎ ኪሱ ከተተ። ካድሬው በአማርኛ የተናገረውን ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ አሳምሮ ጻፈው፤ ገለበጥን። እጄን አወጣሁና ‹‹ቲቸር፣ ባቄላዎቹስ?›› አልኩ። ‹‹ተቀመጪ›› አለኝ።

ከሁሉ የሚያናድደው ነገሩ መሥራቱ ነው። ማግኒዥየም ሁለት ሰጠ፤ ፕላስ ሁለት፤ ከሶዲየም የባሰ ቸር። አልሙኒየም ሦስት ሰጠ፤ እሱማ ሽልማት የሚገባው። ኦክስጅን ሁለት ቀማ፤ ማይነስ ሁለት። ምልክቱን ሲያምታቱ የነበሩ ተማሪዎች ሁሉ ልክ ማምጣት ጀመሩ። ምልክቱ ልክ፣ ምክንያቱ ውሸት። ውሸት ስትሠራ እንዴት እንደምትጣፍጥ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ‹‹ምን ቸገረሽ፣ ያው ፕላስ አይደል?›› ትለኝ ነበር። ቸገረኝ። አሥራ አንዱ ባቄላ እዚያው እያሉ፣ ማንም ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ሶዲየም በደግነቱ ፕላስ ተሸለመ መባሉ ቸገረኝ።

የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ላይ መጣ። ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ሲያጣ ለምን ፖዘቲቭ ቻርጅ ይኖረዋል? አስረዱ፤ አምስት ነጥብ። የሚፈለገው መልስ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ደብተሬ ላይ በእጄ ጽፌዋለሁ። እስክሪብቶዬን አነሣሁ፣ አስቀመጥሁ፣ አነሣሁ። ከዚያ በዚያች በሰባራ እንግሊዝኛዬ፣ አሥራ አንድ ፕሮቶን እንደነበሩ ናቸው፣ ኤሌክትሮኑ አሥር ሆነ፣ የተጨመረ ነገር የለም ብዬ ጻፍሁ። ከሥሩ አሥራ አንድ ትልልቅና አሥር ትንንሽ ክብ ሣልሁ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። መምህሩ ያስተማረኝን መልሼ ለመምህሩ ሰጠሁት ብዬ ነው ያሰብኩት፤ ይገባዋል ብዬ ነው።

የሳይንስ ክፍል ስም ዝርዝር ሲለጠፍ ስሜ የለም። በሦስት ነጥብ ቀርቻለሁ። የፈተና ወረቀቴ ሲመለስልኝ በዚያች መልሴ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ኤክስ ተጋድሞባታል፤ ከአምስት ዜሮ። ቀና አድርጌ ወደ መስኮቱ ስይዘው ግን ሌላ ነገር አየሁ። ከክቦቹ ጎን፣ ከጥፍሬ ጫፍ የማትበልጥ፣ በእርሳስ የተደረገች የራይት ምልክት። ለመታየትም ላለመታየትም የተደረገች፤ በጣት ቢነኳት የምትጠፋ።

ሰው ኤክሱ ያበሳጨኝ ይመስለዋል። ኤክሱን ፈርቶ ነው ብዬ ባለፍኩት ነበር። የእርሳሷ ነገር ናት ያቃጠለችኝ። ልክ መሆኔን ያውቃል፤ እንደሚያውቅ ሊነግረኝ ይፈልጋል፤ ግን ልትጠፋ በምትችል ነገር። ለኔ ዜሮ በቀይ፣ ለሱ ሕሊና በእርሳስ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ እሱ ለራሱ ቆንጆ አድርጎ ነበር የቆረሰው።

እዚያው ቁጭ ብዬ፣ እንዳትጠፋ ብዬ፣ የእርሳሷን ምልክት በሰማያዊ እስክሪብቶዬ ደምቃ እንድትታይ ደግሜ ጻፍሁባት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

አቤት ለማለት ወላጅ ያስፈልግ ነበርና አባቴ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወጣ። ንጹሕ ጥምጣሙን ጠምጥሞ፣ ጋቢውን ደርቦ መጣ፤ የጋቢው ጫፍ ተቋጥሯል፤ ምን እንደቋጠረ አልጠየቅሁትም። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ርዕሰ መምህሩ፣ ካድሬውና መምህራችን ተቀምጠዋል። እኔ ወረቀቴን ሰጠሁ። አባቴ ‹‹አሰላሙ ዓለይኩም›› ብሎ ገባ፣ ጋቢውን ፈታ፣ በርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ባቄላና ሽምብራ ዘረገፈ።

‹‹እንደምን ዋላችሁ ጌቶቼ። እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ። ይህን ያስተማረችኝ ልጄ ናት፤ እሷን ያስተማሯት እኒህ መምህር ናቸው›› አለና መደርደር ጀመረ። አሥራ አንድ ባቄላ ቆጠረ። አሥራ አንድ ሽምብራ ቆጠረ። አንዷን ሽምብራ ገፋት። ‹‹ስንት ቀረ?›› ብሎ ካድሬውን ጠየቀው።

‹‹አባት፣ ይህ ገበያ አይደለም›› አለው ካድሬው።

‹‹ገበያማ ቢሆን ቆጥረው ይረከቡኝ ነበር።›› አባቴ አልተቆጣም። ወደ መምህሩ ዞረ። ‹‹ያ ኡስታዝ፣ እርስዎ ሀቁን ይናገሩ። ይህ ባቄላ የእርስዎ ትምህርት አይደለም?››

መምህሩ ጠረጴዛውን አየ። ‹‹አላስታውስም›› አለ።

‹‹ይህ ራይትስ?›› አለ ርዕሰ መምህሩ ወረቀቴን እያነሣ። ‹‹አንተ ነህ ያደረግኸው?››

‹‹በሰማያዊ አላርምም። በቀይ ነው የማርመው።›› ከዚያ ቀና ብሎ ሳያየኝ ‹‹ራሷ ናት ያደረገችው›› አለ።

በርግጥም ቀለሙ የኔ ነበር። ሥሩ እርሳስ አለ ብል ማን ያየዋል? ካድሬው ‹‹ማጭበርበርም ተጨመረበት›› አለ፤ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ለወጣትነቴ አዝኖ ከትምህርት ቤት እንደማያባርረኝ ነገረን። አመስግኑ ተብለን አመሰገንን። አባቴ ባቄላና ሽምብራውን አንድ በአንድ ለቅሞ ጋቢው ጫፍ ላይ መልሶ ቋጠረ። አንዲት ሽምብራ መምህሩ እግር ሥር ወድቃ ነበር፤ አባቴ ጎንበስ ብሎ አነሣት። መምህሩ ለሽማግሌ ተነሥቶ እንኳ አላቀበለውም።

ወደ አውቶቡስ መነኻሪያ ስንወርድ ‹‹አብሽሪ ልጄ›› አለኝ። ‹‹እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።›› ለአባቴ ክፉ መልስ ሰጥቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ‹‹እስኪጠራ እኔ ሆም ኢኮ ነኝ›› አልኩት።

ሁለት ዓመት የኮሌታ አተኳኮስ፣ የመሀረብ ጠርዝ አሰፋፍ፣ ያለ ምድጃ ኬክ አጋገር ተማርኩ። ሙያ ነውር ሆኖ አይደለም፤ ዛሬም ስፌቴን አይቶ የሚነቅፍ የለም። ግን እኔ ልመርጠው ይገባኝ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ አባቴ መጋዘን ገባሁ። የፋብሪካዋ ሴት ጨው ልትወስድ መጣችና ‹‹ያቺ ጠያቂ ልጅ የት ደረሰች? ሳይንስ ገባች?›› ስትለው ከጆንያዎቹ ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። ‹‹አልገባችም›› አላት። ሄዳ እስክትጠፋ ድረስ ከዚያ አልወጣሁም፤ ጆንያ ተደግፌ አለቀስኩ።

ከዓመት በኋላ ይመስለኛል፣ መምህሩ መጣ። ከደሴ ተነሥቶ ደጋን አካባቢ ካለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድቦ ነበር። ምን አድርጎ እንደሆነ አላውቅም፤ ያስነሣው ያው ካድሬ ነው ይባላል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ አፉን ቢዘጋም ዝንቡ አልማረውም። አባቴ ለዙህር ሰላት መስጊድ ሄዷል። ደጃፉ ላይ ሁለት ተሸካሚዎች ጥላ ሥር ተቀምጠው ያወራሉ። ቡናማው ኮት ያው ነው፣ ክርኑ ላይ ሳስቷል። ‹‹ሁለት ኪሎ ጨው›› አለ፤ ከዚያ ቀና ሲል አወቀኝ።

መዘንኩለት። ጠቀለልኩለት። ሊቀበለኝ እጁን እንደዘረጋ፣ ወደ ተሸካሚዎቹ ገልመጥ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

‹‹ያን ጊዜ ልክ ነበርሽ።››

‹‹አልሰማሁም ቲቸር። ጮክ ብለው ይንገሩኝ።››

‹‹ሰምተሻል›› አለኝ።

ሰምቻለሁ። ‹‹ልጆች ነበሩኝ›› አለ፤ አሁንም በሹክሹክታ።

‹‹እኔም የአባቴ ልጅ ነበርኩ›› አልኩት። አባቴ ከእግሩ ሥር ሽምብራ ሲለቅም ታየኝ። ከመጠቅለያው ቁልል አንድ ወረቀት ቀደድሁና እስክሪብቶ ጨምሬ ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጥሁለት። ‹‹ካላፈሩበት ይጻፉልኝ። በእርሳስ ሳይሆን በዚህ።››

እንቢ ይላል ብዬ ነበር። ጎንበስ አለና ጻፈ። የሰሌዳው እጅ ጽሕፈቱ አልተለወጠም፤ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው የቆመ። አሥራ አንድ ፕሮቶን፣ አሥር ኤሌክትሮን ብሎ ጻፈ። አሥራ አንድ ትልልቅ ክብ፣ አሥር ትንንሽ ክብ ሣለ። ከጎኑ ፕላስ አንድ፣ ከሱ ቀጥሎ ትልቅ የራይት ምልክት፣ ከሥሩ አምስት ከአምስት። የስሜን የመጀመሪያ ፊደል እንኳ አልረሳውም፤ ከላይ ጻፈው። ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ አለበት። ለአባቴ ሳሳየው ምን እንደሚል እያሰብሁ እጄን ዘረጋሁ።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ ውሃ ሊጠይቀኝ ተነሥቶ ወደ በሩ መጣ። መምህሩ ወረቀቱን አራት አጥፎ የራሱ የደረት ኪስ ውስጥ ከተተው፣ ጨዉን አነሣና ‹‹ደህና ዋይ›› ብሎኝ ሄደ።